ባዘቶ ያለፈበት ቀዳዳ

በእኛ ጊዜ እንዲህ የሚጮህ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ የት ነበርና፣ ብሩኬ፣ ሁሉም በእጅ የሚዞር ነበር። አንተ ይኸው ቁም ሳጥኔን ስትበሳ ከፊት አሳምረህ ከኋላ ገነጣጠልከው። ና ቁጭ በል፣ አልተቆጣሁም። ትንሽ ተቆጥቻለሁ።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው፣ እዚሁ ጌጃ ሰፈር። ወንድሜ ተሰማ ከጦርነቱ ባንድ እግሩ ተመለሰ። አንድ አናጢ የእንጨት እግር ሠራለት፤ ጉልበቱን ግራና ቀኝ የሚይዙ ሁለት ሳንቃዎች አሉት፣ እነሱም ማሰሪያው ጠፍር እንዲያልፍ ይበሳሉ። ታዲያ ያ አናጢ ችኩል ነበርና የቀዳዳው ስንጥር ጉልበቱ የተጠቀለለበትን ጨርቅ አልፎ ሥጋው ውስጥ ገባ፣ ሁለት ወር አመረቀዘ። ከዚያ ወዲህ "እንጨት አታሳዩኝ" አለ። ልደታ ማርያም እዚህ አፍንጫችን ሥር ሆና፣ ሰው ተሸክሞኝ አልሳለምም ብሎ ቤት ዋለ። እናቴ ታለቅሳለች፣ እኔ ጥጥ እፈትላለሁ።

ታዲያ ወልዴ መጣ። ያኔ ጎረቤት እንጂ አያትህ አልነበረም፤ ጣሊያን አናጢ ዘንድ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። እሑድ የጌታውን መሰርሰሪያ ለምኖ፣ ሁለት የዋንዛ ሳንቃ ይዞ መጣ። ተሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ወልዴ እኔን "ያዥልኝ" አለና ማዞር ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ነው። ጥቂት ያዞርና ጀርባውን በሌባ ጣቱ ይዳስሳል፤ የብረቱ ጫፍ ጣቱን ወጋ ሲያደርገው ይነቅላል፣ ሳንቃውን ይገለብጣል፣ በዚያችው ነጥብ ከወዲያ በኩል ይጨርሳል። ያ ጣት፣ ልጄ፣ ጠባሳ ብቻ ነበር። ለምን ባንድ በኩል አትጨርሰውም አልኩት።

"ብረት እንጨት የሚገነጥለው ሲወጣ ነው" አለኝ፤ "ከሁለቱም በኩል ከገባ መውጣት የለም።"

አራቱን ቀዳዳ ሲጨርስ ከምፈትለው ጥጥ ባዘቶ ቆንጥሮ ለተሰማ ሰጠው። "አንተ በየቀዳዳው አሳልፈህ ሳበው። አንዲት ስንጥር ከያዘችው ሳንቃውን እፈልጠዋለሁ።"

ተሰማ ዞረ። ሳበ፤ አንደኛው ቀዳዳ ምንም አልያዘ። ሁለተኛው ምንም። ሦስተኛው ላይ አንዲት ክር ቀረች፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች። ተሰማ ራሱ "ግድ የለም፣ ይበቃኛል" አለ። ወልዴ ግን መጥረቢያውን አነሣና ያን ሁሉ የደከመበትን ሳንቃ ለሁለት ፈለጠው! እናቴ ጮኸች። እሱ "እሑድ እመጣለሁ" ብሎ ሄደ።

በሚቀጥለው እሑድ ተሰማ በራፍ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀው አገኘሁት። ፊቱን አላዞረም። ወልዴ አዲስ ሳንቃ በሳ፤ ባዘቶው በአራቱም ቀዳዳ ነጭ እንደ ሆነ አለፈ። ለግንቦት ልደታ በራሱ እግር ሄዶ ተሳለመ፣ እኔም ከኋላው ሆኜ አለቀስኩ።

እና በኋላ ወልዴ እኔን ሊጠይቅ ሽማግሌ ቢልክ፣ ተሰማ በር ላይ ተቀብሏቸው "ምን አደከማችሁ፣ ያ የተፈለጠ ሳንቃ ተናግሮለታል" አላቸው። እንዲህ ያለ ሰው ነው ያገባሁት። በሕይወቴ እንደሱ አላየሁም።

(ብሩክ ተነሥቶ የቁም ሳጥኑን ጀርባ አየና "ታዲያ እማማ፣ ይፈለጥ ይላሉ?" አላቸው።)

ቁም ሳጥኔን? አንተን ነው የምፈልጥህ! (ሳቅ) ይልቅ ከመሳቢያው ባዘቶ አምጣና ለጀርባው አዲስ ሳንቃ ብሳ፣ እኔ እይዝልሃለሁ።