ለባንኩ የተጻፈው የዕድር ደብዳቤ

አቶ ወንዳፍራሽ ወደ ሳውዝ ሲ ሰፈር በሚሄደው፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ባንኩ ደብዳቤያቸውን መልሶባቸዋል። በናይሮቢ የአየር መንገድ ጭነት ክፍል ሃያ ዓመት ያገለገሉ፣ ከማንም ጋር ክፉ ደግ ሳይነጋገሩ የኖሩ ጨዋ ሰው ናቸው። ግትርነታቸው ግን ያው የታወቀ ነው።

«ጋሼ ወንዳፍራሽ! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ዞር ሲሉ ሐሊናን አዩ። የቀድሞ ጎረቤታቸው የአቶ ጌታቸው ልጅ ናት፤ እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የምትሠራ። አቶ ወንዳፍራሽ «ጋሼ» ተብለው ከተጠሩ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው ለማስታወስ ሞክረው አቃታቸው።

«ምነው? ደኅና አይደሉም?» አለቻቸው።

ሳይደብቁ ነገሯት። ባለቤታቸው ወይዘሮ እህተማርያም ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗል። ባልና ሚስቱ አሥራ ስድስት ዓመት የኖሩበትን የኪራይ ቤት ሰሞኑን ባለንብረቱ ሸጠውና በአንድ ወር ውስጥ ይልቀቁ ተባሉ። ከእንግዲህ ማንም ውጣ የማይላቸው ቤት እንዲኖራቸው ብለው፣ እዚያው ሳውዝ ሲ አንዲት ትንሽ ባለ ፎቅ ቤት በስምንት ዓመት የባንክ ብድር ሊገዙ ተስማሙ። ባንኩ ግን ቤቱ ኢንሹራንስ ካልተገባለት ገንዘቡን ለሻጩ አልለቅም አለ። ቀነ ገደቡ ዓርብ ነው፤ ሌላ ገዢ በር ላይ ቆሟል።

«ታዲያ ይግቡ እንጂ ጋሼ፣ ምን ችግር አለው?»

«ቁልፉን ሳልረከብ ስለ ቃጠሎ ልዋዋል? ይህ እኮ መዓት መጥራት ነው ልጄ! ደግሞስ ዕድር አለኝ አይደለም? ቤቴ አንድ ነገር ቢሆን የሚያቋቁመኝ ዕድሬ ነው። ይህንኑ በእንግሊዝኛ አሳምሬ ጽፌ፣ ማኅተም አድርጌ ባስገባላቸው መለሱብኝ።»

ይህን ሲሉ የማታቱው ረዳት «ፉንጋ ምካንዳ!» ብሎ ጮኸ። ፖሊሶች ከፊት ቆመዋል። ተሳፋሪው ሁሉ ቀበቶውን አሰረ፤ አቶ ወንዳፍራሽም የእሳቸውን ጎትተው አሰሩ።

ሐሊና ሳቅ አለች። «አይዞዎት ጋሼ፣ ግጭት እየጠሩ ነው?»

«ሕግ ነዋ!»

«እሺ፣ ፖሊሶቹን እኮ አለፍናቸው። ይፈቱታላ።»

አቶ ወንዳፍራሽ እጃቸውን ወደ ቀበቶው ሰደዱና መለሱት። እንዲህ በቀላሉ እጅ መስጠት ግን ልማዳቸው አልነበረም።

«ይሁን። ግን መሬቱን ጨምሬ የገዛሁበትን ዋጋ በሙሉ አስመዝግቤ በየዓመቱ ልገፍግፍ?»

«ኖ፣ ኖ! መሬት ይቃጠላል እንዴ? ገማች ይመጣና ቤቱ ቢፈርስ እንደገና ለመሥራት የሚፈጀው ብቻ ይመዘገባል። ክፍያዎ በዚያ ልክ ነው። አሳንሰው ካስመዘገቡ ግን ካሳውም ያንሳል።»

«ባንኩስ ምን አገባው?»

«ብድሩ እስኪያልቅ ቤቱ መያዣው ነዋ። ስለዚህ የባንኩ ስምም ፖሊሲው ላይ፣ ማለት የኢንሹራንሱ ውል ላይ ይገባል። ጋሼ፣ ቤቱ ቢቃጠል ብድሩ አብሮ አይቃጠልም። ኢንሹራንስ ከሌለዎት በሌለ ቤት ስምንት ዓመት ሙሉ ይከፍላሉ። ማደሪያ ደግሞ እንደገና ኪራይ!»

«ዕድር አለኝ አልኩሽ እኮ!»

ሐሊና ደብዳቤውን ተቀብላ አነበበችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሳሪ ጋሼ፤ የፈረሙት ራስዎ ነዎት?»

«ጸሐፊው እኔ ነኝ።»

«ሊቀ መንበሩስ?»

«ዮፍታሄ አዲስ አበባ ከገባ ሦስት ዓመቱ። ማኅተሙን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ።»

«አሁን ስንት አባል አለ?»

የሞምባሳ መንገድ ተዘግቶ ማታቱው ቆሟል። አቶ ወንዳፍራሽ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ። መዝገቡ ላይ ሃምሳ ሁለት ስም አለ። ገሚሱ አገር ቤት ተመልሷል፣ ገሚሱ ጁባ ወርዷል፣ ላንጋታ መቃብር የተኛም አለ።

«ሰባት ነን» አሉ በመጨረሻ። «እህተማርያም ያረፈች ቀን ድንኳኑን በቅጥር ሰው ነው ያስተከልኩት። መርዶውን በየስልኩ የደወልኩት እኔ፣ መዝገቡ ላይ የጻፍኩትም እኔ።»

ብቻቸውን መቅረታቸውን ለሰው አፍ አውጥተው ሲናገሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ያቺን ደብዳቤ ሲጽፉ ባንኩን ያታለሉ አልመሰላቸውም፤ ያታለሉት ራሳቸውን ነበር።

«የእህተማርያም ፎቶግራፎችስ?» አሉ። «ኢንሹራንሱ ይሸፍናቸዋል?»

«የቤት ዕቃ ለብቻው ነው የሚገባው። ፎቶውን ግን ማንም አይመልስልዎትም። ይስጡኝና ኮፒ አስደርጌ አንዱን እኔ ጋ አስቀምጣለሁ።»

ረቡዕ ገማቹ መጣ። አቶ ወንዳፍራሽ ሻጩ በከፈተላቸው ባዶ ቤት ውስጥ ሁለት ሶዳ ይዘው ጠበቁት፤ የአዲሱ ቤታቸው የመጀመሪያ እንግዳ ነው። ሰውዬው ግድግዳውን ለካ፣ ጣሪያውን አየ፣ ሶዳውን ሳይነካ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሄደ። ሁለቱንም ራሳቸው ጠጧቸው።

ሐሙስ ሐሊና ቢሮ ሄደው ፈረሙ። ባንኩም ገንዘቡን ለቀቀ፤ ዓርብ ቁልፉን እንደሚረከቡ ተነገራቸው። ከእንግዲህ እሳት ቢነሳ፣ ጎርፍ ቢገባ ቤታቸውን መልሶ የሚሠራላቸው አላቸው፤ ለዚያም የቀሩትን ስድስት ደካማ ሽማግሌዎች አያስቸግሩም። ቤት ገዝቶ ከኢንሹራንስ የሚሸሽ ሁሉ ይህን ልብ ይበል። ኢንሹራንሱ ግን እንደ ዕድር መጥቶ አብሮ እንደማይቀመጥ አቶ ወንዳፍራሽ ከገማቹ ተምረዋል።

ስለዚህ ፈርመው አልተነሡም። ከቦርሳቸው ጥግ ጥጉ የተበላውን የዕድር መዝገብ አወጡ።

«እኔ እንዳልሽኝ ገባሁ። አንቺስ?»

ሐሊና ደነገጠች። «ጋሼ፣ እኔ ለቅሶ መድረስ እንኳ በደንብ አላውቅበትም።»

«እኔስ እስከ ማክሰኞ ኢንሹራንስ አውቅ ነበር?»

ትንሽ አሰበችና ስልክ ቁጥሯን ነገረቻቸው። አቶ ወንዳፍራሽ ሃምሳ ሦስተኛው መስመር ላይ ስሟን በቀስታ ጻፉ። ከዚያ ማኅተሙን ከኪሳቸው አውጥተው በትንፋሻቸው አረጠቡትና ስሟ ላይ መቱ። ዮፍታሄ ከሄደ ወዲህ አዲስ አባል ሲመዘግቡ የመጀመሪያቸው ነው።