ቀማሽ የጠፋለት ጠላ ቤት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። በጣሊያን ጊዜ ከደምበጫ ወደ ደብረ ማርቆስ በጭነት ካሚዮን ስንሄድ፣ አንዲት ጠላ ሻጭ አጠገቧ ከተቀመጡ ሽማግሌ ጋር ታወራ ነበር።

«ጠላ ቤቴን እንደገና ልከፍት ነው፣ አባቴ። አሁን ግን ደንብ አወጣሁ።»

«ፊት ለምን ተዘጋብሽ?»

«ዘንድሮ ሰው ሁሉ መርዝ ይፈራል። ለእያንዳንዱ እንግዳ ቀድሜ ስቀምስ፣ እኩለ ቀን ሳይደርስ እሰክርና ሁሉንም አባርራለሁ።»

«ታዲያ ደንቡ ምንድን ነው?»

«ቀማሽ እቀጥራለሁ።»

«ባልሽስ?»

«እሱማ ጋኑን ሙሉ ነው የሚቀምሰው!»

«እንግዲያ እኔን ቅጠሪኝ።»

«እርስዎ ገና ሳይቀጠሩ ከንፈርዎን ላሱ!»

ወዲያው ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ልጅ፣ ጠላ ትወጃለሽ?»

«አልወድም» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«ተገኘች! ነገ በጠዋት ነይ፣ ቁርስሽን በልተሽ።»