ያለ ሞት የሚነፋ ጥሩንባ

(ረፋድ ላይ፣ በአንድ ሆስፒታል የደም ሕክምና ክፍል፤ የሰፈራቸው እድር ጥሩንባ ነፊ ጋሽ ዘርጋው ጥሩንባቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከሐኪማቸው ከሰናይት ፊት ተቀምጠዋል።)

ሰናይት፦ ክኒኑን አቁመዋል። ደምዎ ይናገራል፤ አይካዱኝ ጋሽ ዘርጋው።

ዘርጋው፦ ደሜ ወሬኛ ሆነ እንዴ? እኔ ምንም አላልኩ።

ሰናይት፦ ከመቼ ጀምሮ?

ዘርጋው፦ ከፍልሰታ።

ሰናይት፦ አሁን እኮ ጥር ነው! አምስት ወር? ለምን ብለው?

ዘርጋው፦ ዓይኔን ያሳብጠዋላ።

ሰናይት፦ ያሳብጣል፤ ነግሬዎት ነበር። ለዓይን እብጠት ተብሎ ሕይወት ይተዋል?

ዘርጋው፦ አንቺ ብታብጪ "እንቅልፍ አጥታ ነው" ይሉሻል። እኔ ጥሩንባ ነፊ ነኝ። ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ "ማን ሞተ?" ይለኛል። አንዷ የሹፌር ሚስት ዓይኔን ገና ስታይ ራሷን ስታ ወደቀች። ባሏ እኮ ቤት ተኝቷል!

ሰናይት፦ አያስቁኝ፤ ዛሬ ሳቅ የለኝም።

ዘርጋው፦ ደግሞም ደህና ነበርኩ። የትም አላመመኝ።

ሰናይት፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም? እስቲ ይንገሩኝ፤ እርስዎ ሲነፉ ምን ይሆናል?

ዘርጋው፦ እድርተኛው ይሰበሰባል። አንዱ ድንኳን፣ አንዱ አግዳሚ፣ አንዱ ድስት ይዞ። ሁሉም ቦታውን ያውቃል።

ሰናይት፦ በደም ሴልዎ ውስጥም እንደዚያው ነው። ኪናዝ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ከውጭ መልእክት ሲደርስ አንዱ ሌላውን ይቀሰቅሳል፤ ተሰብስበው፣ እርስ በርስ ተያይዘው፣ ሴሉን "ተባዛ" ይሉታል። ሥራው ሲያልቅ ይበተናሉ።

ዘርጋው፦ ደንቡ ነው።

ሰናይት፦ የእርስዎ ኪናዝ ግን ከማይመለከተው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ተሠራ። መልእክት አይጠብቅም። ዝም ብሎ ይነፋል።

ዘርጋው፦ ማንም ሳይሞት?

ሰናይት፦ ማንም ሳይልከው። ቀን የለ፣ ሌሊት የለ።

ዘርጋው፦ እድርተኛውስ "ውሸቱን ነው" አይልም?

ሰናይት፦ አይልም። በተጠራ ቁጥር ይመጣል፤ ሴሉም ያለ ልክ ይባዛል። የደም ካንሰርዎ ይኸው ነው።

ዘርጋው፦ በስመ አብ! እኔ በሠላሳ ዓመት አንዴ ስም ተሳስቼ ቆሞ የሚሄድ ሰው ሞተ ብዬ ነፋሁ። ሰውየው እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።

ሰናይት፦ ጥሩንባ ያለ ትንፋሽ አይጮኽም አይደል? ኪናዙም ጉልበት የሚያስገባበት ቀዳዳ አለው። ክኒኑ እሱን ነበር የሚደፍነው።

ዘርጋው፦ ቡሽ ነው በይኛ!

ሰናይት፦ ቡሽ ነው። እርስዎ ነቀሉት።

ዘርጋው፦ ፈራሁ ልጄ። እውነቴን ነው። በይ ስጪኝ፤ ዓይኔም እንደ ዳቦ ይነፋ፣ ሰፈሩም የፈለገውን ይበል። አሁኑኑ እዚሁ እውጠዋለሁ።

ሰናይት፦ ይቆዩ።

ዘርጋው፦ ምን እቆያለሁ? ስትለምኚኝ አልነበር?

ሰናይት፦ አልለመንኩዎትም። ለምን እንዳቆሙ ነው የጠየቅኩት። ቡሹ ከተነሳ በኋላ... ቀዳዳው ቅርጹን ሊቀይር ይችላል። የሁለተኛው ምርመራ ውጤት ዛሬ ጠዋት መጣ።

ዘርጋው፦ እና? አልገጥም አለ?

ሰናይት፦ ሌላ ዓይነት ክኒን አለ፤ እኛ ጋ የለም እንጂ። እንጽፋለን፣ እንጠይቃለን...

ዘርጋው፦ ወረቀቱን ተይውና ቀና በይ እስቲ።

ሰናይት፦ ምነው?

ዘርጋው፦ ዓይንሽ አብጧል። ማን ሞተ?