የሽሮው ላም

በዐቢይ ጾም፣ ኒቆዲሞስ ካለፈ በኋላ፣ ቅዳሴ ሊወጣ ሲል፤ በእትዬ ደብሪቱ የጾም ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ባለቤቷና ፊት ለፊት ካለው የምርምር ተቋም የመጣው ደንበኛዋ ይትባረክ ተፋጠዋል።

ይትባረክ፦ አልወጣም! ድስቱን ይክደኑና ይስሙኝ። ሽሮዎ ውስጥ ላም አለች!

ደብሪቱ፦ ምነው፣ ቀንዷ ታየህ?

ይትባረክ፦ ቅቤ ነው የምልዎት! ሽሮውን ላቦራቶሪ ወስጄ መረመርኩት።

ደብሪቱ፦ ከማዕዴ ቋጥረህ? እኔ ሞኟ ለእናትህ መስሎኝ ጭልፋ ጨምሬልህ!

ይትባረክ፦ ወሬ አያዙሩ። ሕይወት ያለው ሁሉ በውስጡ ፕሮቲን የሚሠራ ራይቦዞም የሚባል ነገር አለው። የራይቦዞሙ አር ኤን ኤ ጂን ሽምብራም ዘንድ አለ፣ ላምም ዘንድ አለ፣ እኔም ጋ አለ። የጂኑ ፊደላት አሰዳደር ግን በየዝርያው ይለያያል። ከሽሮዎ ያገኘሁትን ከሽምብራ፣ ከፍየልና ከላም ጋር ጎን ለጎን አስተያየሁት፤ የላሟ ተገኘበት።

ደብሪቱ፦ ሽምብራውን ያረሰው በሬ ነዋ! ላቡ ጠብ ብሎበት ይሆናል።

ይትባረክ፦ ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር። የእርስዎዋ ግን ድስት ውስጥ ነች።

ደብሪቱ፦ ያ ማሽንህ ላምን ከፍየል ይለያል?

ይትባረክ፦ አሳምሮ!

ደብሪቱ፦ ደንበኛን ከነገረኛስ?

ይትባረክ፦ ያሹፉ! ሐኪም ብዪ ቢላት እንኳ ጾሟን ያልገደፈች እናቴን እርስዎ አስገደፏት! ቄስ መርዓዊም ከቅዳሴ ወጥተው እዚሁ ነው የሚበሉት። አያፍሩም?

ደብሪቱ፦ እሺ፣ ጨመርኩ! ዓምና በዘይት ብቻ ስሠራ «ሣር ሣር ይላል» ብለህ ሳህኑን የገፋኸው ማን ነበር? ግማሹ ደንበኛ አንተን ተከትሎ ሌላ ምግብ ቤት አልሄደም?

ይትባረክ፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል! ሰው ሲሄድብዎ ሙያ ይጨምራሉ እንጂ ቅቤ ይጨምራሉ?

ደብሪቱ፦ ውጤቱ መቼ ነው የደረሰህ?

ይትባረክ፦ ምን አገባዎት?

ደብሪቱ፦ መቼ ነው ያልኩህ?

ይትባረክ፦ … ለደብረ ዘይት ዋዜማ።

ደብሪቱ፦ ደብረ ዘይት አለፈ፣ ገብር ኄር አለፈ፣ ኒቆዲሞስም አለፈ። ትናንት ታዲያ «ለእናቴ በደንብ ይቋጥሩልኝ» ያለኝ ማን ነው?

ይትባረክ፦ ሌላ ምግብ ከአፏ አይገባም! ከአልጋ የተነሳችው ይሄን ሽሮ መብላት ከጀመረች ወዲህ ነው። ምን ላድርግ?

ደብሪቱ፦ አመድ በዱቄት ይስቃል!

ይትባረክ፦ ልትቆርብ ነው፣ ይገባዎታል? ለፋሲካ ልትቆርብ! ዛሬ ለደንበኛው ሁሉ በአፍዎ ይናገሩ። ከሰው ትስማው።

ደብሪቱ፦ ከሰው ትስማው? ከልጇ አይደለማ! ነገሩ እዚህ ነው ለካ። የአንተንም ጭምር እኔው እንድሸከምልህ!

ይትባረክ፦ ቅቤውን የጨመሩት እርስዎ ነዎት።

ደብሪቱ፦ እኔ ነኝ፣ እናገራለሁ። ይኸው ቄስ መርዓዊ ገቡ። የድስቱን እኔ፣ እያወቅህ ያጎረስካትን አንተ። ማን ይቅደም?