የሰብሳቢው ቤት ቀለም

(ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የአንድ ኮንዶሚኒየም ሳሎን። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ወንድይፍራውና ባለቤታቸው ወይዘሮ አምሳለ አንድ ስልክ ላይ አጎንብሰዋል።)

ወንድይፍራው፦ እባክሽ፣ ምርጫው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሳይዘጋ ድምፅሽን ቀይሪው።

አምሳለ፦ ቀዩ ምን አደረገህ? ያምራል እኮ።

ወንድይፍራው፦ «ወንድይፍራው በሰብሳቢነት ይቀጥል ወይ?» ተብሎ ለየቤቱ አንድ ድምፅ በስልክ ሲሰጥ፣ ብሎኩ በሙሉ «ይቀጥል» ብሎ አረንጓዴ ሆኗል። «ይውረድ» ያለች አንዲት ቀይ ቤት። እሷም የኔው። ገበናዬን ሁሉም በየስልኩ የሚያየው የብሎኩ ካርታ ላይ አወጣሽው።

አምሳለ፦ ካርታውን ማን አሠራው? ግልጽነት ነው ብለህ የየቤቱን ቁጥር ያስለጠፍከው አንተ።

ወንድይፍራው፦ የነዋሪው ሐሳብ በዓይን ይታይ ብዬ ነዋ።

አምሳለ፦ ታየልሃ።

ወንድይፍራው፦ ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ሲባል አልሰማሽም?

አምሳለ፦ ሰምቻለሁ። እኔ ስቀዳ አንተ የብሎኩን ፓምፕ ስታስጠግን ነበር። ልጃችን ከሐዋሳ መጥታ ያገኘችህ ደረጃ ላይ ነው። ናፍቀኸኛል ወንድይፍራው። ቀዩ እሱ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

ወንድይፍራው፦ ታዲያ ሰው ሲፈልገኝ ምን ላድርግ? አረንጓዴውን አታዪም?

አምሳለ፦ የቤቱ ቁጥር እየታየ ማን ደፍሮ «ውረድ» ይልሃል? ይሉኝታ ነው እንጂ ውስጡንማ ለቄስ።

ወንድይፍራው፦ ነገ ስብሰባው ላይ ይኼንን በትልቅ ስክሪን... ቆዪ። አንደኛ ፎቅ ቀላ።

አምሳለ፦ የማን ቤት?

ወንድይፍራው፦ የወይዘሮ ዘርፌ። ከሥሩም ጽፋለች፤ «እኔም ይረፉ ባይ ነበርኩ፣ ባለቤታቸውን መቅደም አፍሬ ነው» ትላለች።

አምሳለ፦ ጨዋ ሴት ናት።

ወንድይፍራው፦ ሻምበል ምትኩም ቀየሩ። «ከሚስት በላይ ምስክር የለም» ይላሉ። ኧረ ሦስተኛ ፎቅም እየተከተለ ነው። ትናንት ቧንቧቸውን ስጠግን ያመሸሁላቸው ሰዎች!

አምሳለ፦ ጉልበትህን ይዘህ ስትወርድ አይተው አዝነውልህ ይሆናል።

ወንድይፍራው፦ ትስቂያለሽ አይደል?

አምሳለ፦ ትንሽ። ፊትህ ግን አሳዘነኝ። እስቲ ስልኩን አምጣው።

ወንድይፍራው፦ ምን ልታደርጊ?

አምሳለ፦ የለመንከኝን። ይኸው፣ አረንጓዴ አደረግሁት።

ወንድይፍራው፦ አሁን ምን ይፈይዳል? ብሎኩ እንዳለ ቀልቶ አረንጓዴው የእኛ ቤት ብቻ ሆነ።

አምሳለ፦ እንግዲህ የመረጠችህ አንዲት ቤት ናት፤ እሷን አገልግል።