ቦራ የበላው ፍራሽ

በእኛ ጊዜ ፎገራ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት አገር ነበረች፤ በበጋ የከብት አገር፣ በክረምት የዓሣ አገር። ሩዝ የሚባለውን ያኔ ስሙንም አልሰማን። ርብ ይሞላል፣ ጣናም ሽቅብ ይመጣና ሜዳውን ይውጠዋል፣ እኛም ከብታችንን ነድተን ወደ ወረታ በኩል ከፍ ወዳለው እንወጣለን፣ ጥቅምት ሲገባ ውኃው ይሸሻል፣ ወርደን በእርጥቡ ላይ ሽምብራ እንዘራለን። ይቺን ያዙልኝ፤ ሽምብራ ሰው አይጠብቅም። መሬቱ እርጥበቱን ከጨረሰ ይሰነጠቃል፣ ከተሰነጠቀ ዘሩን ለአይጥ ሰጠኸው ማለት ነው።

እኔ ወሬ አላበዛም፣ ታውቁኛላችሁ። ዛሬ ግን ይቺ ልጅ ቤት ስትጠርግ ያንን አሮጌ መከዳ ልትጥለው ደጃፍ ላይ አገኘኋት። አኑሪው። አኑሪውና ተቀመጪ። አንተም ተቀመጥ፣ በሬዎቹ ውኃ ጠጥተዋል።

ታዲያ በጃንሆይ ጊዜ፣ እኔ ገና ጎበዝ ሳለሁ፣ አንድ ጥቅምት ወደ እርሻዬ ብወርድ መሐሉ ላይ ጀልባ ተቀምጧል። ጀልባ! የደንገል ታንኳ እንዳይመስላችሁ። ታንኳማ ቢሆን ተሸክሜ እጥለው ነበር። ይህ የእንጨት ቤት ነው፣ ውስጡ ሰው ይተኛበታል፣ ከላዩ እንደ ባሕር ዛፍ የቆመ ግንድ አለው፣ ሸራው ተጠቅልሎ ታስሮበታል። ጣሪያው ላይ አንድ ፈረንጅ ተቀምጦ ወፍ ያያል።

«ጤና ይስጥልኝ» አለኝ።

«አብሮ ይስጥልኝ። እርሻዬ ላይ ምን ትሠራለህ?»

«ንፋስ» አለኝ። «ንፋስ አመጣኝ። ውኃ ሄደ። እኔ ቀረሁ።»

«ከአገርህ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ወፍ ለማየት።»

«በአገርህ ወፍ የለም?»

«አለ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ አልጠየቅሁም።

እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ለጥር ሠርግ ቀጥሬአለሁ። ሙሽራይቱም ይቺው እናታችሁ ናት፣ ጥሩ የምላት፣ አሁን ያልሰማ መስላ ጥጥ የምትፈለቅቀዋ። አባቷ አያ መኰንን የአገር ሽማግሌ ነበሩ፤ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። እና ነገራቸው አጭር ነበር፤ «እህል ከሌለህ ድግስ የለህም፣ ድግስ ከሌለህ ልጄ የለችህም።» እህሌ ያ ሽምብራ ነው፣ በሽምብራው ቦታ ደግሞ ጀልባ ተቀምጧል። ሮጬ ሄጄ ነገርኋቸው። እሳቸውም ብዙ ጥማድ በሬ ነበራቸውና «ነገ ጎትተን ርብ ውስጥ እንከተዋለን» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ተመለስሁ።

ስመለስ ጩኸት ሰማሁ። «አልጋዬን በላች! በሬ አልጋዬን በላች!»

ለካ ፈረንጁ፣ ሚስተሩ እንለው ነበር፣ የጀልባውን ፍራሾች ረጥበውበት ፀሐይ ላይ ዘርግቷቸዋል። ሦስት ናቸው፣ ሁለቱ ረጃጅም፣ አንዷ አጭር። እና ውስጣቸው ሣር ነው፣ በአገሩ ከጨው ባሕር የሚወጣ ሣር። ይህን እኔ በኋላ ነው የሰማሁት፤ በሬዬ ቦራ ግን ከሩቅ አውቋል። ጨው የሸተተው በሬ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ስደርስ ሦስቱንም ዘርግፏቸው፣ የፍራሹ ጨርቅ ከአፉ እንደ ነጠላ ተንጠልጥሎ፣ እያመነዠከ ያየኛል።

ታዲያ አያ መኰንን መጡ፣ በጀልባው ጥላ ሥር ተቀመጥንና ሸንጎ ሆነ።

«ተናገር» አሉት ሚስተሩን።

«አልጋዬ ነው። ያለ አልጋ ውኃ ላይ አልሄድም። እዚህ እቀመጣለሁ።»

«አንተስ አድማሱ?»

«አያ መኰንን፣ መሬቱ የእኔ ነው» አልሁ። «በሬ በጌታው መሬት ላይ ሣር አገኘ፣ በላ። ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?»

አሰቡ፣ ጢማቸውን አሻሹ፣ አሰቡ። «ጨርቅ የለበሰ ሣር ግጦሽ አይባልም» አሉ። «በሬህ የቀደደውን አንተ ትሰፋለህ። በሬ የማይበላውን ትሞላበታለህ። ስትጨርስ እኔ በሬዎቼን አመጣለሁ፣ እሱም አልጋውን ይዞ ከመሬትህ ይነሣል። ፈርጃለሁ።»

«እኔ ገበሬ ነኝ፣ ልብስ ሰፊ አይደለሁም!»

«እሱስ ደግ። እኔም ልጄን ለልብስ ሰፊ አልሰጥም።»

«እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ ስፋ ያሉኝ?»

«ስፋ ያለህ ዳኛው ነው። አልሰጥም የሚልህ አባትየው ነው። ስፋ፤ ስትሰፋ ግን እንዳላይህ። ማንም እንዳያይህ።»

ትስቃላችሁ። ያኔ መርፌ የያዘ ገበሬ ገበያ ለገበያ ስም ይወጣለት ነበር፣ ስሙም ልጆቹ ድረስ ይወርድ ነበር። እናንተን «የሰፊው ልጆች» ይሏችሁ ነበር፣ እወቁ።

እና በረት ውስጥ ተደብቄ ሆነ። ሚስተሩ ትርፍ ሸራ ነበረውና እሱን አመጣልኝ፣ የተቀዳደዱትንም ጨርቆች ለልክ ብሎ ሰጠኝ፣ ጫማውን አውልቆ እበቱ ላይ ተቀመጠና ያስተምረኝ ገባ። መዳፍ ላይ የምትታሰር ብረት ያላት ቁራጭ ቆዳ አለች፤ መርፌውን በእሷ ነው የምትገፋው። ክሩን በጧፍ ሰም ታሸዋለህ። እሺ፣ ይህስ ይሁን። ቀጥሎ «ገልብጥ! ገልብጥ!» ይለኛል።

«ምኑን ልገልብጥ?»

«በውስጥ ስፋ። በኋላ ገልብጥ። ስፌት አይታይም።»

«እንዳይታይ ከሆነ ለምን እደክማለሁ?» አልሁት። ኮርቻ ሲሰፋ አይቻለሁ፤ ስፌቱ ከላይ ሆኖ ነው የሚያምረው። እሱ ግን «ገልብጥ» አለ፣ ገለበጥሁ። የመጀመሪያውን አራቱንም ጎን ግጥም አድርጌ ሰፋሁና ኮርቼ ሰጠሁት። አየው፣ አገላበጠው፣ «ጥሩ ነው» አለ። «ሣሩ በየት ይገባል?» እንደገና ፈታሁ። ደግሞ የስፌቱን መስመር በጣቱ ተከትሎ ተከትሎ፣ «ይህ እባብ ነው» አለኝ። ስሙ፣ እኔ ሳርስ ትልሜን አይተው እስከ ሐሙሲት ያወሩልኝ ነበር! መርፌ ግን ሞፈር አይደለም፣ ወዲያ ስትለው ወዲህ ይሄዳል።

ብቻ ሁለቱ ረጃጅሞች አለቁ። የፊላ ጥጥ ሞላሁባቸው፣ ያ ውኃ ዳር የሚበቅለው፣ ራሱ ላይ ቡናማ ጥጥ ያለው፤ እሱን በሬ ቢርበውም አይበላው። አጭሯን ግን የሰጠኝን ልክ ብዘረጋት ሁለት ማዕዘኗ የለም። ከላይ ሰፋ ብላ ወደ ታች ጠብባ ጠብባ ሹል ሆና ቀረች። ሚስተሩ የዚያን ቀን ወፍ ሊያይ ሄዷል። እኔም «አይ ቦራ! ማዕዘኑንም አልተውህለት» አልሁ። የሰው ንብረት አጉድሎ መመለስ ነውር ነው፤ አባቴም ያሳደገኝ እንዲህ ነው፣ የተዋስኸውን ቁና ሞልተህ መልስ ብሎ ነው። ስለዚህ ሞላሁለት። የጎደለውን ሁለት ማዕዘን ቀጠልሁና ደልደል ያለች አራት ማዕዘን አድርጌ ሰፋኋት። እንዲያውም ለጉዳቱ ካሣ ብዬ ትንሽ አሰፋኋት።

ከዚያ አህያ ላይ ጭኜ፣ ላዩን ጭድ አልብሼ ወሰድኋቸው። እኔ ወደ ጀልባው አልገባሁም፤ እስከዚያ ቀን አንድ ጊዜም ገብቼ አላውቅ፣ ውኃ ድንገት ቢመጣስ? ከውጭ ቆሜ አቀበልሁት። ሁለቱ ረጃጅሞች ልክ ገቡ። ሦስተኛዋን ሲገፋ ይሰማኛል፣ ይገፋል፣ ያቃስታል፣ ደግሞ ይገፋል። ከዚያ ሣቅ። ሣቁ ጀልባውን አነቃነቀው።

«አድማሱ! ና ግባ! ና እይ!»

ገባሁ። ለካ የጀልባ አፍንጫ ሹል ነው! ከውጭ ቆሜ ስንት ቀን እያየሁት፣ ውስጡም ሹል ይሆናል ብዬ አላሰብሁም። ፍራሿ እዚያ አፍንጫ ውስጥ ነው የምትነጠፈው፤ ሹል የሆነችው ቦራ በልቷት አይደለም፣ ስትፈጠርም እንዲያ ናት።

«ቦራ የበላት መስሎኝ ነው» አልሁት። ይሄኔ ወድቆ ተንከባለለ።

እኔ ግን ሣቅ አልመጣልኝም። ስወጣ የእርሻዬን ዳር አየሁት። ጫፍ ጫፉ መሰንጠቅ ጀምሯል፣ ጣቴ ይገባበታል። እንደገና መቁረጥ፣ እንደገና መስፋት፣ እንደገና መሙላት! በረት ድረስ የምመላለስበት ጊዜ የለም። እዚያው ጀልባው ውስጥ ገባሁ፣ አፍንጫው ውስጥ ተሰንቅሬ፣ በትከሻዬ እየለካሁ መስፋት ያዝሁ። የፊላው ጥጥ ቤቱን ሞላው፣ አፍንጫዬ ገባ።

ታዲያ የአያ መኰንን ድምፅ ከውጭ መጣ። «አንተ ሚስተር፣ አድማሱ የት አለ?»

«አድማሱ የለም።»

ይህን ጊዜ አስነጠሰኝ።

«ይህስ ምንድን ነው?»

«ወፍ ነው» አለ ሚስተሩ።

«ምን ዓይነት ወፍ?»

«ትልቅ።»

አያ መኰንን ሞኝ አይደሉም። ገቡ። እኔ ራሴ፣ ቅንድቤ፣ ጢሜ ጥጥ ለብሶ፣ መርፌ በእጄ፣ ሸራ በጭኔ። አበቃ አልሁ። ሙሽራዬን ለሌላ ስሸኛት ታየኝ። እሳቸው ግን ሊናገሩ ብለው ረጅሙ ፍራሽ ላይ ተቀመጡ። ሲቀመጡ... ምን ልበላችሁ፣ ፊታቸው ተለወጠ። አያ መኰንን በቅሎ ላይ ሲቀመጡ አንድ ጎናቸውን አንሥተው ነበር የሚሄዱት። ወገቤን ነው ይሉ ነበር፤ ወገባቸውን አልነበረም፣ ከወገብ ዝቅ ይላል። እዚያ ላይ ግን በሁለቱም ጎን ቁጭ አሉ።

ፍራሹን በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉት። «አላየሁህም» አሉ።

«አላዩኝም» አልሁ።

ጋደም አሉ፣ ከዚያም አንኮራፉ። እኔ ሰፋሁ። ሲነቁ ያችን አራት ማዕዘን ጥግ ላይ ቆማ አዩዋት።

«ይቺስ?»

«ጥፋት ናት፣ ለምንም አትሆንም።»

«ኮርቻ ላይ ብትደረግስ?»

«እርስዎ ካሉ...»

«እኔ አላልሁም» አሉ። «ዝም ብለህ ከአህያው ጭድ ሥር አድርጋት፣ አህያው ደጄ ይለፍ። የጠየቀኝ ሰው ካለ ከጎንደር አስመጣኋት እላለሁ።» ወጥተው ሲሄዱ ዞር ብለው፣ «ነገ በሬዎቹ ይመጣሉ» አሉኝ።

መጡም። ቦራን ፊት አድርገን ያን ሁሉ በሬ ጠምደን ጎተትነው፣ ጀልባው ሜዳውን እንደ ማረሻ እየቀደደ ርብ ገባ። ሚስተሩ ጣሪያው ላይ ቆሞ እጁን እያወዛወዘ ሄደ አሉ። እኔ ዞሬም አላየሁት፤ ዘር በስልቻ ይዤ እየሮጥሁ ነበር። ዘራሁ፣ በቀለ፣ ጥር ላይም ተደገሰ። አያ መኰንን ከእድምተኛው ሁሉ አንድ ክንድ ከፍ ብለው፣ በሁለት ጎናቸው ቀጥ ብለው፣ በቅሎ ላይ መጡ። «ከየት አገኙት ይህን መከዳ?» ሲሏቸው፣ «ከጎንደር!» እኔን አያዩኝም። ከጎንደር ነው እንዳሉ ሞቱ፣ መከዳውም ለእናታችሁ ቀረ። ከዚያ ወዲያ እኔም መርፌ ነክቼ አላውቅም። እና አንቺ ልጅ፣ ልትጥዪው የነበረው ያ ነው።

ምን ያስቅሻል ጥሩ?

«ዕድሜ ልክህን የደበቅኸው ይህንን ነው?»

አውቀሽ ነበር እንዴ?

«መከዳው ቤታችን የገባ ዕለት ነዋ። አባቴ ከጎንደር ነው ሲለን እናቴ ስፌቱን በጣቷ ተከተለችና፣ ‹ጎንደር እንዲህ ጠማማ አይሰፋም፤ ይህ የኛው ሰው ነው› አለች። እኔም አህያህ ደጃችን ሲያልፍ አይቼ ነበርና የማን እጅ እንደሆነ ገባኝ።»

እና እያወቅሽ ሰፊ አገባሽ?

«ሰፊማ አላገባሁም። ሰፊ ቢሆን ቀጥ አድርጎ ይሰፋው ነበር።»