የፈረሰው ደጀ ሰላም ፎቶ

(ሲውዳድ ሮድሪጎ፣ ከፖርቱጋል ድንበር በመኪና ግማሽ ሰዓት የማትርቅ፣ በግንብ የታጠረች የስፔን ከተማ፤ ረፋድ ላይ ከካቴድራሉ ማማ ሥር፣ የቅርስ ልዑካኑ መሪ አቶ ፈንታሁንና የአገራቸው ልጅ አስጎብኚያቸው አትጠገብ ከቡድኑ ወደ ኋላ ቀርተው ይነጋገራሉ።)

ፈንታሁን፦ ያቺን ፎቶ አውጪያት ነው የምልሽ! ዛሬ ለከንቲባው ከምናሳየው ሠላሳ ፎቶ አንዷ ብትጎድል ማን ያውቃል?

አትጠገብ፦ እርስዎ ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ።

ፈንታሁን፦ የእህትማማች ከተሞች ስምምነት ልንፈራረም ከዚያ ድረስ መጥተን፣ የፈረሰ ደጀ ሰላም ለፈረንጅ ይታያል? ምን ይሉናል?

አትጠገብ፦ እስቲ ቀና ብለው ማማውን ይዩት። ምን ይታይዎታል?

ፈንታሁን፦ ተቦርቡሯል። ዕድሳት ሳያስፈልገው አይቀርም።

አትጠገብ፦ መድፍ የመታው ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ፈረንሳዮችና እንግሊዞች በዚች ከተማ ሲፋለሙ። አልለሰኑትም፤ እንግዳ ሲመጣ ቀና በል ብለው ያሳዩታል። ስለዚህ ፍርስራሽ አይደንቃቸውም፣ አይጨነቁ።

ፈንታሁን፦ ያንን የመታው ጦር ነዋ!

አትጠገብ፦ የኛንስ ማን መታው፣ ጋሽ ፈንታሁን?

ፈንታሁን፦ ዝናብ።

አትጠገብ፦ ሦስት መቶ ክረምት ችሎ ኖሮ እርስዎ የቅርስ ኃላፊ ሆነው ሲሾሙ ዝናብ ጣለው?

ፈንታሁን፦ ቀስ በይ፣ ይሰሙናል።

አትጠገብ፦ አይሰሙም። አይስክሬም ሊገዙ ተሰልፈዋል።

ፈንታሁን፦ ከጠዋት ጀምሮ ነገር እየፈለግሽኝ ነው። ቁርስ ላይ እንኳ ስትስቂብኝ አይቻለሁ።

አትጠገብ፦ ከእንቁላሉ ጋር ደግመው ያስጨመሩት ቋሊማ ጣፈጠዎት?

ፈንታሁን፦ የአገሩ ባህላዊ ምግብ ነው ብለሽኝ የለ?

አትጠገብ፦ ነው እንጂ። የአሳማ ሞራ፣ በዱቄትና በበርበሬ የታሸ።

ፈንታሁን፦ በስመ አብ! አውቀሽ ነው?

አትጠገብ፦ ምንድነው ብለው አልጠየቁኝም።

ፈንታሁን፦ አንቺ ልጅ፣ እግዚአብሔርን አትፈሪም? ለንስሐ አባቴ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?

አትጠገብ፦ እሱን ሲነግሯቸው ሲሚንቶውንም ጨምረው ይንገሯቸው።

ፈንታሁን፦ ሲሚንቶ፣ ሲሚንቶ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ይዘሽ ዞርሽ?

አትጠገብ፦ አባቴ ይዞት ተቀበረ፤ እኔ ብዞርበት ይበዛል? ትናንት ግንቡ ላይ ስንዞር ኖራውን በእጅዎ ሲዳብሱት አየሁ። ምን አሉ?

ፈንታሁን፦ ጠንካራ ነው አልኩ።

አትጠገብ፦ አባቴም ያንኑ ነበር ያለዎት። «ይሄ ድንጋይ የለመደው ኖራ ነው፣ ጊዜ ስጡኝ» ብሎ ለመነዎት። እርስዎ የዕድሳቱ ምርቃት ቀን ደረሰ ብለው ሲሚንቶ አስለጠፉበት። ክረምት ሲገባ ውሃው መውጫ አጣና ደጀ ሰላሙ ተናደ። ሪፖርቱን ማን ጻፈው?

ፈንታሁን፦ ኮሚቴ ነው የጻፈው።

አትጠገብ፦ «ግንበኛ ቢያድግልኝ ከመመሪያ ውጭ፣ በራሱ ፈቃድ ሲሚንቶ በመጠቀሙ።» ከሥሩ ያለው ፊርማስ የኮሚቴ ነው? ስምንት ወር ታሰረ። ከተፈታ በኋላ አጥሩን እንኳ የሚያስጠግነው ሰው አጣ። ለቀብሩ ስደርስ የመጣው ሰው በጣት ይቆጠር ነበር። ቤተ ክርስቲያን ያፈረሰ ሰው ተብሎ ነው የሞተው፣ ጋሽ ፈንታሁን። እኔ እጠላዎታለሁ። ስምዎን ዝርዝሩ ላይ ሳይ፣ ለሌላ አስጎብኚ የተሰጠውን ሥራ ለምኜ ነው የተቀበልኩት።

ፈንታሁን፦ ለምነሽ?

አትጠገብ፦ ለምኜ። ቋሊማውን ላቀምስዎት ብቻ አይደለም።

ፈንታሁን፦ እሺ፣ ምን እንዳደርግልሽ ነው የምትፈልጊው?

አትጠገብ፦ ፎቶው ሲወጣ ከንቲባው ለምን ፈረሰ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እርስዎ ይነሱና «በኔ ትእዛዝ ሲሚንቶ ተደርጎበት ነው፤ ግንበኛው ቢያድግልኝ ተው ብሎኝ ነበር» ይላሉ። በአማርኛ፣ ቡድኑ ሁሉ እየሰማ። እኔ እተረጉመዋለሁ።

ፈንታሁን፦ ዝናብ ነው ብልስ?

አትጠገብ፦ ዝናብ ብዬ እተረጉማለሁ። ከዚያ ቀጣዩን ስላይድ አሳያለሁ።

ፈንታሁን፦ ቀጣዩ ደግሞ ምንድነው?

አትጠገብ፦ ሲሚንቶ እንዲጠቀም ያዘዙበት ደብዳቤ። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። አባቴ ከሞተ በኋላ ከሣጥኑ ሥር አገኘሁት።

ፈንታሁን፦ ቁጭ ልበል እስቲ።

አትጠገብ፦ ይቀመጡ። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው፣ ይጠንቀቁ።

ፈንታሁን፦ አትጠገብ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ደብዳቤ በእጁ እያለ ፍርድ ቤት ለምን አላቀረበውም?

አትጠገብ፦ እርስዎን ፈርቶ ነዋ!

ፈንታሁን፦ ቢያድግልኝ? ቢያድግልኝ ማንን ፈርቶ ያውቃል? ስብሰባ መሃል ተነስቶ «አንተ ስለ ድንጋይ ምን ታውቃለህ» ያለኝ ሰውዬ?

አትጠገብ፦ ታዲያ ለምን?

ፈንታሁን፦ ቢሮዬ መጣ። ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ያን ጊዜ ለዚህ አገር አንድ የትምህርት ዕድል ደርሶን ነበር፤ እኔ ለእህቴ ልጅ ይዤዋለሁ። «ልጄን ላክልኝ፤ ጥፋቱን እኔ እወስዳለሁ» አለኝ።

አትጠገብ፦ ይዋሻሉ!

ፈንታሁን፦ የድጋፍ ደብዳቤሽ የተጻፈው መቼ ነው?

አትጠገብ፦ ነሐሴ ሰባት።

ፈንታሁን፦ አባትሽ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብሎ ቃሉን የሰጠውስ? ሪፖርቱን በቃልሽ ይዘሽው የለ?

አትጠገብ፦ ነሐሴ ስድስት።

ፈንታሁን፦ ይኸው።

አትጠገብ፦ እንደሚታሰር ያውቅ ነበር?

ፈንታሁን፦ አያውቅም። እኔም ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ስምንት ወር ሲፈረድበት ዞር ብሎ አየኝ። ምንም አላለም።

አትጠገብ፦ እርስዎስ?

ፈንታሁን፦ እኔም ምንም አላልኩም።

አትጠገብ፦ ስንደዋወል እኮ «ተማሪ፣ ስለኔ አታስቢ» ነበር የሚለኝ። እስር ቤት ሆኖ ጭምር! መታሰሩን ከአክስቴ ነው የሰማሁት። ምን ዓይነት ሰው ነበር?

ፈንታሁን፦ አባት ነዋ። አሁን እንደ ትልቅ ሰው እንነጋገር። እኔ ያንን ከተናገርኩ ነገሩ በዚያ አያበቃም። ትምህርትሽ በምን እንደተገኘ ይወጣል፤ ያስተማሩሽ ሰዎች ይሰማሉ፣ የቀጠሩሽም ይሰማሉ። ፎቶዋን አውጪያት። ደብዳቤዋንም። ለሁለታችንም የሚበጀው እሱ ነው።

አትጠገብ፦ ቡድኑ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ እየገባ ነው። እንሂድ።

ፈንታሁን፦ ታወጫታለሽ አይደል?

አትጠገብ፦ መጀመሪያ እርስዎ ሲሚንቶውን ይናገራሉ፤ ቃል ሳልጨምር ቃል ሳልቀንስ እተረጉማለሁ። ግንበኛው ለምን ዝም አለ ብለው ሲጠይቁ ደግሞ መልሱን እኔ እሰጣለሁ።

ፈንታሁን፦ አብደሻል? ራስሽን ታጠፊያለሽ እኮ! ሥራሽን፣ ስምሽን!

አትጠገብ፦ አባቴ የተዋረደው ብቻውን ነው። ዛሬ ውርደቱን ለሁለት እንካፈልለታለን። ይቅደሙ፣ ጋሽ ፈንታሁን።